ስለ ጥቁር ቸኮላት መጠን

የበጋው ሐሩር ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጋምቤላ ክልል በምትገኘው በማታር፣ የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ ከጋምቤላ ከተማ የመጣ ቸኮላት ወረቀቱ ሳይገለጥ እንደሚፈስ የሚያዩ ወዳጆቼ፣ ይህ ጣፋጭ በእውነት ለልብ ፈውስ ነውን ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛልና፣ በጤና ሙያዬ የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለካካዎ ዛፍ «የአማልክት መብል» የሚል ትርጓሜ ያለው የግሪክ ስም ቢያወጣለትም፣ በጎነቱ የሚመነጨው ፍላቫኖል ከተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም የደም ሥሮች እንዲላሉ በማገዝ የደም ግፊትን በጥቂቱ ያበርዳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው፣ ከ21,000 በላይ አሜሪካውያን የተሳተፉበት ታላቅ ጥናት፣ በቀን 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል በእንክብል ከወሰዱት መካከል በልብና በደም ሥር ደዌ የሞቱት ቢያንሱም፣ የደዌው ጠቅላላ ቁጥር ግን በጉልህ እንዳልቀነሰ ገልጿል፤ የተፈተነውም ስኳርና ቅቤ ያለበት ቸኮላት ሳይሆን ከካካዎ ተነጥሎ የወጣ ንጥር ነበር።

100 ግራም ጥቁር ቸኮላት 600 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ካካዎው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይበቃል፤ የስኳር ሕሙማን ግን ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ።

ወባ ደምን በሚያሳንስበት በዚህ ቆላ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ካካዎ እንደ ቡናና ሻይ ሁሉ ከእህል የምናገኘው ብረት ወደ ደም በበቂ እንዳይገባ የሚያግድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ቸኮላቱንም ቡናውንም ከማዕድ አርቃችሁ ውሰዱ፤ የብረት እንክብላችሁንም ከእነርሱ ጋር አትዋጡ።