ጠመንጃ በቤት ውስጥ፦ ከልጅ የራቀ፣ ከባለቤቱ ያልራቀ አቀማመጥ

አምባ ጊዮርጊስ፤ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ብርዳም ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው ገበሬ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያመርታል፤ በግና የቀንድ ከብት ያረባል። ከሞፈሩና ከቀንበሩ ሌላ በብዙው ቤት የሚገኝ አንድ ዕቃ ቢኖር ጠመንጃ ነው።

ይህ የትናንት ነገር አይደለም። ውጅግራውና ምንሽሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በ1934 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በመጀመሪያ በወልቀፊት፣ በኋላም በጎንደር ከተማ እጁን ሲሰጥ ከአርበኛው ጋር ወደየመንደሩ የገባው ምርኮ ጥቂት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታውጆ ገበሬው በማኅበር ከተደራጀ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 71/1968 ማኅበራቱ የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ እንዲኖራቸው አደረገ። የመሣሪያ ጉዳይም ከግል ቤት አልፎ የማኅበር ጉዳይ ሆነ። ዛሬ አደረጃጀቱ ቀበሌ ቢባልም ብዙው ሰው በአፉ የሚጠራው «ገበሬ ማኅበር» እያለ ነው፤ በመሪው ትከሻ ላይ ያለው ኃላፊነትም ከዚያን ጊዜው አላነሰም።

ገበሬው ጠመንጃ የሚይዝበት ምክንያት ግልጽ ነው። የከብት ሌባ አለ፤ ከበረቱ የሚመጣ ጅብ አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ድረስ በዘለቀ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወዲህም በክልሉ ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ በመንገድና በቤት የሚፈጸመው እገታም ሲበዛ፣ መሣሪያውን ከራስጌው ማራቅ ያልፈለገው ሰው ቁጥሩ ጨምሯል። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ቆሞ «ቆልፋችሁ አስቀምጡ» ብሎ መናገር ብቻ ጆሮ አያገኝም። ገበሬው «ሌባው ሲመጣ ቁልፍ ልፈልግ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

አሁን ያለው የተለመደ አቀማመጥ ከጥቂት ዓይነት አያልፍም። አንዳንዱ ከምሰሶው ላይ በማንገቻው ያንጠለጥላል። ሌላው ቆጥ ላይ ያጋድማል፤ ወይም ከጎታው ኋላ ይሸጉጣል። ጥይት አጉርሶ ከመኝታው ሥር የሚያደርግም አለ። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ባለቤቱ ደብቄያለሁ ብሎ ያስባል እንጂ መሣሪያው አልተደበቀም። አባት ገበያ ውሎ እስኪመለስ ድረስ ቤቱን ሲፈትሹ የሚውሉት ልጆች የማያውቁት ጥግ የለም። ከፍ አድርጎ መስቀልም መፍትሔ አይደለም፤ በጎታ ላይ መንጠላጠል ለእረኛ ልጅ ጨዋታ ነው። ከሦስትና ከአራት ዓመት ሕፃናት መካከል እንኳ ምላጭ ለመሳብ የሚበቃ የጣት ጉልበት ያላቸው መኖራቸው ታውቋል።

በእንዲህ ዓይነቱ አቀማመጥ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ በአንድ ቤት ተወስኖ አይቀርም። የጎረቤት ልጅ ለጨዋታ መጥቶ በተነካ ጠመንጃ ቢሞት፣ የሞቱ ምክንያት ስሕተት ቢሆንም ደም ደም ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ዕርቁ እስኪወርድ ድረስም ሁለት ቤተ ሰቦች በአንድ የውኃ መንገድ መገናኘት ይፈራሉ። ሕጉም በበኩሉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ እስራቱም ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ነው። በእርሻ ወቅት የታሰረ አባወራ ማሳው ጦም ሲያድር ጎረቤቱ ሁሉ ያየዋል።

ታዲያ ጠመንጃው እንዴት ይቀመጥ? የነገሩ መሠረት አጭር ነው። ጠመንጃ ወይ በባለቤቱ እጅ ወይም በቁልፍ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ቦታ የለውም። ባለቤቱ ጥበቃ ላይ ከሆነ በትከሻው ይሁን። ሲተኛ፣ ሲያርስ፣ ገበያ ሲወርድ ግን ይቆለፍ።

ከመቆለፉ በፊት ጥይቱ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የክላሽ ካዝና ወልቋል ማለት ጠመንጃው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ቀድሞ የጎረሰችው አንዲት ጥይት ከውስጥ ልትቀር ትችላለች፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ሰው የሚገድለውም በእርሷ ነው። ስለዚህ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞ በቅድሚያ ካዝናውን መንቀል፣ ቀጥሎ ቃታውን ወደ ኋላ ስቦ መጉረሻውን በዓይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነም በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይነቀል ቃታው ከተሳበ፣ ቃታው ሲመለስ ሌላ ጥይት ያጎርሳል።

መቆለፊያውን በተመለከተ ውድ የብረት ካዝና መግዛት የግድ አይደለም። የአካባቢው አናጢ ከወፍራም ጣውላ የሚሠራው፣ በማጠፊያና በጓጉንቸር የሚዘጋ ረጅም ሣጥን፣ ከምሰሶው ወይም ከግድግዳው ማገር ጋር በምስማር ከተያያዘ ይበቃል። መያያዙ አስፈላጊ ነው፤ አለዚያ ሌባው ሣጥኑን እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ሣጥን ለማሠራት አቅም ያጠረው በሰንሰለትና በአንድ ጓጉንቸር ሊጠቀም ይችላል። የክላሽ ካዝና ሲወልቅ የሚከፈተው ቀዳዳ ቀጭን ሰንሰለት ያሳልፋል፤ ሰንሰለቱ በዚያ ገብቶ ቀለህ በሚወጣበት በኩል ወጥቶ ከምሰሶው ጋር ከታሰረ ጠመንጃው ሊተኮስ አይችልም። ምንሽር ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አለው። መዝጊያው ተስቦ ሲወጣ የቀረው ብረት ከዱላ አይሻልም፤ መዝጊያውን ብቻ በትንሽ ሣጥን መቆለፍ ይቻላል።

ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ጠመንጃ ያለባቸውን ቤቶች አነጻጽሮ፣ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይቱን ማውጣት፣ ጥይቱን መቆለፍና ከመሣሪያው ለይቶ ማስቀመጥ እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርሰው ጉዳት መቀነስ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። እንደ ወገራ ተራራማ የሆነችው ስዊዘርላንድም በዚህ ረገድ የምትጠቀስ ናት። በዚያ አገር ሚሊሺያው ጠመንጃውን በቤቱ ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ከጠመንጃውም ጋር 50 ጥይት በታሸገ ቆርቆሮ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ጥይቱ ከየቤቱ ተሰብስቦ በሠራዊቱ መጋዘን እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ጠመንጃው ከባለቤቱ ጋር ቀረ። ለወገራ ገበሬ ጥይቱን ከቤት ማውጣት አይታሰብም ይሆናል፤ መለየቱ ግን የሚያስቸግር አይደለም።

አሁን ወደ ገበሬው ጥያቄ እንመለስ። ሌሊት አደጋ ቢመጣስ? ቁልፉ በማተብ ክር ላይ ከመስቀሉ ጎን ከታሰረ ከአንገት አይለይም፤ ልጅም ሳያስነቃ ሊወስደው አይችልም። ሣጥኑ ከመኝታው አጠገብ ሆኖ እጁ በጨለማ ከለመደው፣ ቁልፍ ከፍቶ ካዝና ለማስገባት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ይህን በቀን ብርሃን ያለ ጥይት ደጋግሞ መለማመድ ይገባል። ያችን አንድ ደቂቃ የሚሰጠው ደግሞ የጎረሰ ጠመንጃ ሳይሆን የሚጮኽ ውሻ፣ የጠበቀ አጥርና ከውስጥ የሚወረወር ጠንካራ መቀርቀሪያ ነው። ውሻ ሳይኖረው፣ በሩ በገመድ እየታሰረ፣ ያጎረሰ ጠመንጃ ከትራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛ ሰው ከፍርሃቱ ጋር ተኛ እንጂ ቤቱን አልጠበቀም።

ከሣጥኑ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብሮ ይቀመጥ። በሌሊት በር የሚመታው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ሚስቱ ምጥ ይዟት እርዳታ ፍለጋ የመጣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። «ማን ነህ?» ብሎ ድምፅ ሳይሰሙ፣ በብርሃን ሳይለዩ መተኮስ የገዛ ወገንን መግደል ነው። ሁለተኛው ቁልፍ በእማወራዋ እጅ መሆን አለበት። ባልዬው በማይኖርበት ቀን ቤቱን የምትጠብቀው እርሷ ናትና ጠመንጃውን ማራገፍ ልትማር ይገባል፤ ይህ ነገር በብዙ ቤት ተረስቷል።

ስለ አያያዙም ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ምድጃና መኝታ በአንድ ጣራ ሥር በሆኑበት የደጋ ቤት ጥላሸት ከብረቱ ላይ ያርፋል፤ ጥላሸቱ እርጥበት ይስባል፤ ከእርጥበቱም ዝገት ይመጣል። በቆዳ አፎት ውስጥ ለወራት ማቆየት መልካም ቢመስልም ቆዳው ውኃ ስለሚይዝ ዝገቱን ያፋጥናል። በክረምት በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና በስሱ የማሽን ዘይት መቀባት ያሻል። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ አይሆንም። የጥይቱ ሣጥን ከምድጃው ይራቅ።

ለማኅበር መሪዎች የሚቀረው ሥራ በሕጉ ይጀምራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች የሚኖር ሰው አስመዝግቦ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድም አስቀምጧል። መሪው ነዋሪውን ስለ ምዝገባ ሲያነጋግር በዚያው የአቀማመጡን ነገር ቢያነሣ፣ መጀመሪያም የራሱን ሣጥን ከፍቶ ቢያሳይ፣ ከረጅም ንግግር ይበልጥ ይሰማል። የሠርግና የለቅሶ ተኩስም የእርሱን ቃል የሚፈልግ ነው፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ የሚወርደው በሰው መንደር ላይ ነው። ጠላና አረቄ ባለበት ድግስ እንግዶች መሣሪያቸውን አራግፈው በአንድ በተዘጋ ክፍል፣ በአንድ የማይጠጣ ሰው ጥበቃ ሥር እንዲያኖሩ ማድረግ ይቻላል።

በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ ወይም ከባድ ኀዘን የደረሰበትና ከሰው የተለየ ሰው ሲኖር፣ ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ጠመንጃው ዘመድ በሆነና ሕጉ በሚፈቅድለት ሰው ቤት እንዲቆይ በሽማግሌ ማግባባት ተገቢ ነው። ባለቤቱ የሞተበት ቤትም አይዘንጋ። ሐዘንተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት በዚያ ሰሞን የሟቹ ጠመንጃ እንደጎረሰ ከምሰሶው ተሰቅሎ ሊቀር ይችላል። ከቀብር መልስ በዚያው ዕለት አንድ የሚያውቅ ሰው አራግፎ ይቆልፈው፤ ፈቃዱ የሟቹ ስለሆነም ወራሹ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንዲያስታውቅ መሪው ቀን ቆርጦ ይንገረው።