ከአሠልጣኝነት ወደ ማይክሮፎን



ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መንገደኛ ጋሸና ሲደርስ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መገንጠያ ያገኛል። ኑሮም እንዲሁ መገንጠያ አለው። ሥራውን ያጣ አባወራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው የተዘጋበት መንገድ ብቻ ነው። ለዚህ ትምህርት የሚሆን የአንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ታሪክ እነሆ። ሰውየው ሙስሊም ባይሆንም ታሪኩ ለየቤታችን ይጠቅማል።

ዲክ ቫይታል እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ጀርሲ ተወለደ። በልጅነቱ በእርሳስ ተወግቶ የግራ ዓይኑን ብርሃን አጣ። በመምህርነት እየሠራ የትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጠነ። ከዚያም ወደ ዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ፣ በ1978 ደግሞ ዲትሮይት ፒስተንስ ወደተባለው ታላቅ ክለብ ተሸጋገረ። ክለቡ በመጀመሪያው ዓመት 30 ጨዋታ አሸንፎ በ52 ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት ገና 12 ጨዋታ እንደተካሄደ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1979 ቫይታል ተሰናበተ።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ዋለ። በዚያው ዓመት የተከፈተው ኢኤስፒኤን የተባለ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ጨዋታ እንዲያብራራ ሲጠይቀው ጣቢያውን በስም እንኳ አያውቀውም ነበር። ልቡ ያለው አሠልጣኝነቱ ላይ ነው። «ሂድና ሞክረው» ብላ ያደፋፈረችው ባለቤቱ ሎሬይን ናት። ከተሰናበተ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ዲሴምበር 5 ቀን፣ ዲፖልና ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ሲጫወቱ ማይክሮፎን ጨበጠ። በሜዳ የተማረው ዕውቀት አልባከነም፤ ጨዋታን ለሚሊዮኖች የሚያስረዳበት ስንቅ ሆነው። በ2008 በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ።

የድምፅን ኃይል እኛም እናውቀዋለን። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ ስታዲየም ያልገባው ብዙ ሕዝብ ደስታውን የተካፈለው በደምሴ ዳምጤ የሬዲዮ ድምፅ ነበር።

ቫይታል ግን በስተርጅና በካንሰር ተፈተነ፤ ሕመሙ የድምፅ አውታሩንም ነካው። መናገር በተከለከለበት ወቅት ሐሳቡን በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ይገልጽ ነበር። ከረጅም ሕክምና በኋላ በፌብሩዋሪ 2025፣ በ85 ዓመቱ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰ። ለካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ሕክምና ምርምር ገንዘብ በማሰባሰብም ይታወቃል።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ሪዝቅ በአላህ እጅ እንጂ በአንድ ቀጣሪ እጅ አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ፋንታ ነው። ሁለተኛ፣ ባል ሥራ ባጣበት ሰሞን የሚስት መልካም ቃል ቤት ያቆማል፤ ወቀሳ ግን የተሰበረውን ይጨምርበታል። ሦስተኛ፣ ምላስ አማና ናት። የምንናገረው ሁሉ እንደሚጻፍብን እናምናለን። ዛሬ ያለን ድምፅ ነገ ላይኖር ይችላልና ለቤተሰባችን መልካም ቃል ለመናገር ቀን አንቀጥር።

አላህ ለተቸገሩት ሶብርን፣ ለቤታችን መተዛዘንን ይስጠን። አሚን።