ከክልል ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የመመደብ ዕድል (ደሴ እና ኮምቦልቻ)

ከክልል ውጭ ምደባ ማለት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ያለፈ ተማሪ፣ ከተማረበት ክልል ውጭ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት በትምህርት ሚኒስቴር ማዕከላዊ ምደባ በኩል ነው። ተማሪው ለየዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ አይጽፍም፤ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በምርጫው ቅደም ተከተል ይሞላል፣ ሚኒስቴሩ ደግሞ ውጤትን፣ ምርጫንና የቅበላ አቅምን አገናዝቦ ይመድባል። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ወሎ ዞን በደሴና በኮምቦልቻ ለሚማር ተማሪ ዕድሉ እንዴት እንደሚገመት ያብራራል።

«ከክልል ውጭ» ሲባል

በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የየክፍለ ግዛቱ ናቸው። ስለዚህ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣ ተማሪ ከፍ ያለ ክፍያ ይጠየቃል፤ አንዳንድ ጊዜም የመቀመጫ ገደብ ይጣልበታል። ለምሳሌ በቻፕል ሂል በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ከአዲስ ገቢዎች መካከል ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የሚመጡት ከ18 በመቶ እንዳይበልጡ ለዓመታት ተወስኖ ቆይቷል።

የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን በአብዛኛው የፌዴራል ተቋማት ናቸው። በወጪ መጋራት ውል የሚማር የደሴ ልጅ ሐዋሳ ወይም ጅማ ቢመደብ፣ «የሌላ ክልል ሰው ነህ» ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም። በሌላ በኩል ዋና ግቢው በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በኮምቦልቻ የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከመላ አገሪቱ ተማሪዎችን ይቀበላል። ስለዚህ የከተማው ልጅ በሰፈሩ ላለው ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከሌላ ቦታ ከመረጡት ጋር ይወዳደራል።

የክልል ወሰንና ርቀትም አንድ አይደሉም። በአፋር ክልል የሚገኘው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በባቲና በሚሌ መንገድ ለኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ በዚያው በአማራ ክልል ያለው ጎንደር ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ሁለት ደጆች

ዕድልን ሲገምቱ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «አልፋለሁ ወይ?» የሚል ነው። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠይቃል። ከዚህ በታች ካሉት የተወሰኑት ብቻ ወደ አቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ትምህርት ይገባሉ። ሁለተኛው «ካለፍኩ የት እመደባለሁ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ደጅ በቁርጥ ነጥብ የሚታለፍ ሲሆን ሁለተኛው በደረጃ የሚታለፍ ነው።

በይፋ የተገለጹት የአራት ዓመታት ውጤቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- 2014 ዓ.ም.፦ ከ896,520 ተፈታኞች 29,909 (3.3 በመቶ) አለፉ
- 2015 ዓ.ም.፦ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 (3.2 በመቶ) አለፉ
- 2016 ዓ.ም.፦ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 በመቶ) አለፉ
- 2017 ዓ.ም.፦ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 በመቶ) አለፉ

እነዚህ መቶኛዎች የአገር አማካይ ናቸው እንጂ የአንድ ተማሪ ዕድል አይደሉም። «ያለፈው 8.4 በመቶ ስለሆነ የእኔም ዕድል 8.4 በመቶ ነው» ማለት ስሕተት ነው። በትምህርት ቤት ፈተናና በሞዴል ፈተና ዘወትር ከፍ ያለ ውጤት የሚያመጣ ተማሪ ዕድሉ ከአማካዩ በብዙ ይበልጣል፤ መሠረታዊ ትምህርቶች የሚከብዱት ተማሪ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው።

ውጤትና ደረጃ

አንድ ውጤት በሁለት የተለያዩ ዓመታት አንድ ዓይነት ዋጋ የለውም። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 27,267 ሲሆኑ በ2017 ዓ.ም. ግን በ21,662 በልጠው 48,929 ሆነዋል። ስለዚህ 60 በመቶ ያመጣ ተማሪ በሁለቱ ዓመታት ከፊቱ የሚያገኘው ሰልፍ እኩል ላይሆን ይችላል። «እገሌ በዚህ ውጤት አዲስ አበባ ገብቷል» የሚለው ወሬ ዓመቱ ካልተጠቀሰ ብዙም አይጠቅምም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ከአንድ ትምህርት ቤት በሚገኝ ምሳሌ መገመት ነው። ከሆጤ ወይም ከመምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ጥቂት ልጆች ከሆኑ፣ ከእነሱ መካከል ዝቅተኛውን ውጤት የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ነጥብ አድርጎ መውሰድ አይቻልም። ከመካከላቸው በጤና ችግር፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ልዩ ሁኔታ የተመደበ ሊኖር ይችላል። ሴት ተማሪዎችን፣ አካል ጉዳተኞችንና የታዳጊ ክልል ተማሪዎችን የሚመለከት የድጋፍ አሠራርም በስሌቱ ይገባል።

የተሻለው መንገድ ውጤትን ወደ ደረጃ መለወጥ ነው። ለማሳያ ያህል የታሰቡ ቁጥሮችን እንውሰድ። በተፈጥሮ ሳይንስ 20,000 ተማሪዎች አልፈው አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ 6,000ኛ ብትሆን፣ እጅግ የሚፈለጉት አምስት ዩኒቨርሲቲዎችም በአንድነት 5,000 መቀመጫ ቢኖራቸው፣ ከፊቷ ያሉት ሁሉ እነዚህን ብቻ ከመረጡ መቀመጫው እሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ነገር ግን ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ ለቤታቸው የሚቀርበውን ስለሚመርጡ በር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ዕድሏ ጠባብ ነው፤ የለም ግን አይባልም። በቀጣዩ የተፈላጊነት እርከን ላሉት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ዕድሏ ሰፊ ነው።

ምርጫ አደራደር

በምርጫ ዝርዝር ላይ ዩኒቨርሲቲዎችን በሦስት መክፈል ይቻላል፦ ዕድሉ ጠባብ የሆነባቸው፣ ከደረጃው ጋር የሚመጣጠኑ እና አስተማማኝ የሆኑ። ከሦስቱም ወገን መኖር አለበት። ደግሞም ማንም «አይደርሰኝም» ብሎ የማይፈልገውን ዩኒቨርሲቲ ወደ ላይ ማውጣት የለበትም።

ጠባብ ዕድል ያለውን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ማድረግ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው በምደባው ስሌት ይወሰናል። ስሌቱ ከከፍተኛ ውጤት ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ የእያንዳንዱን ተማሪ ምርጫ በተራ የሚያይ ከሆነ፣ አንደኛ ምርጫው ያልተሳካለት ሁለተኛውን በእኩል ዕድል ይወዳደራል፤ ስለዚህ እውነተኛ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል መጻፍ አይጎዳውም። ነገር ግን አንደኛ ምርጫ ያደረጉትን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስገባ ስሌት ከሆነ፣ በአንደኛው ያልተሳካለት በሁለተኛው መቀመጫ አልቆ ሊያገኘው ይችላል። የየዓመቱን የምደባ መመሪያ አስቀድሞ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ምደባ ከወጣ በኋላ ማስለወጥ ከልዩ ሁኔታዎች በቀር አስቸጋሪ ነው።

በራሳቸው ፈተና የሚቀበሉ ተቋማት

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ስሌት ይለያሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና መመዘን ጀምሯል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም በተፈጥሮ ሳይንስ የሚያልፉ ተማሪዎችን ለዓመታት በራሳቸው ፈተና ሲቀበሉ ቆይተዋል። እነዚህን የሚፈልግ ተማሪ የምዝገባቸውን ጊዜ ለብቻው መከታተል ይኖርበታል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በደሴ ላለ ተማሪ የማስታወቂያው ቀን ማለፍ ከውጤት ማነስ ያልተናነሰ እንቅፋት ነው።

ከምደባ በኋላ

ዩኒቨርሲቲ መግባት የተፈለገውን የትምህርት ክፍል ማግኘት ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ። ወደ ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይም ሌላ ክፍል የሚገቡት ከዚያ በኋላ ተወዳድረው ነው። በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ትልቅ ቦታ አለው።

ስለዚህ ሕክምና የሚፈልግ የደሴ ተማሪ ሁለት ነገር ማመዛዘን አለበት። ስመ ጥር በሆነ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ውጤት ካላቸው ብዙ ተማሪዎች ጋር ለጥቂት መቀመጫ ይወዳደራል። ሕክምና በሚሰጠው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ውድድሩ ሊቀል ይችላል፤ ከቤተሰብም አይርቅም። ዕድል የሚገመተው ለዩኒቨርሲቲው በር ብቻ ሳይሆን ለሚፈለገው ሙያ ጭምር ነው።

ርቀት፣ ወጪና ሰላም

ማደሪያና ምግብ በወጪ መጋራት ቢሸፈኑም የመንገድ፣ የልብስና የኪስ ወጪ በቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ሩቅ የተመደበ ተማሪ ለበዓል ወደ ቤቱ ላይመላለስ ይችላል።

የጸጥታ ሁኔታም ውሳኔውን ይነካል። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ሲነሣ ብዙ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል፤ የአካባቢው ተፈታኞችም ፈተናቸውን ከሌሎች ዘግይተው በሁለተኛ ዙር ወስደዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ ሩቅ ቦታ ሁሉ አስጊ፣ ቅርብ ቦታም ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይቻልም። ቤተሰብ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት የመንገዱንና የከተማውን ወቅታዊ ሁኔታ፣ በዚያ ከሚማሩ የአካባቢው ልጆች መጠየቁ የተለመደና ጠቃሚ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ወሎ ዩኒቨርሲቲ
- አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ
- ደሴ
- ኮምቦልቻ