የወገብ ሕመምን በቤት ውስጥ ማስታገስ፦ ምን ይደረግ? መቼስ ወደ ሐኪም ይኬድ?

የጤፍና የስንዴ አጨዳ በሚደርስበት ወቅት አርሶ አደሩ ከማለዳ እስከ ምሽት ጎንበስ ብሎ ይውላል። እናቶችና ልጃገረዶች 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ይህም 20 ኪሎ ግራም ሸክም ነው። በከተማ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛው፣ ልብስ ሰፊውና የባጃጅ አሽከርካሪው ሳይነሡ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ሥራቸው ቢለያይም «ወገቤን ቆረጠኝ» የሚለው ቅሬታ ያመሳስላቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2020 እ.ኤ.አ በዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ ሰዎችን ከዕለት ተግባራቸው በማስተጓጎል ረገድም ቀዳሚው ነው። በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ለሚተኛ አርሶ አደር ደግሞ ትርጉሙ ከዚህም የከበደ ነው፤ የደረሰ ሰብል ባለቤቱ እስኪድን አይጠብቅምና።

ከ100 የወገብ ሕመሞች 90 ያህሉ የተለየ በሽታ ወይም የአጥንት ጉዳት የሚገኝባቸው አይደሉም። በአከርካሪ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች፣ ጅማቶችና መገጣጠሚያዎች ከአቅም በላይ ሲሠሩ፣ ሲጣመሙ ወይም ለረጅም ጊዜ በአንድ አቀማመጥ ሲቆዩ ሕመም ይፈጠራል። በድንገት የጀመረ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

መተኛት ወይስ መንቀሳቀስ?

ወገቡን የታመመ ሰው እስኪድን ከአልጋ እንዳይወርድ መምከር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ለቀናት መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ መዳንንም ያዘገያል። ሕመሙ በጸናበት ቀን ጥቂት ማረፍ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን በቤትና በደጅ ቀስ እያሉ መራመድና ቀላል ሥራዎችን መሥራት ይመከራል።

ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል። ፎጣ በሞቀ ውኃ ነክሮና ጨምቆ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገብ ላይ ማኖር በቂ ነው። ቆዳን እንዳያቃጥል ሙቀቱን አስቀድሞ በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በተለይ ስሜታቸው የቀነሰ የስኳር ሕሙማን ሊጠነቀቁ ይገባል።

በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል፣ በጀርባ ሲተኙ ደግሞ ከጉልበት ሥር ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ማድረግ የወገብን ጫና ይቀንሳል።

ሕመሙ ሲቀልል ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተንጋልሎ አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ ወደ ደረት መሳብ፣ እስከ 20 ቆጥሮ መልቀቅና በሌላው እግር መድገም ይቻላል። እንቅስቃሴው ሕመሙን ወደ እግር የሚያወርደው ከሆነ ግን ማቆም ይገባል።

በሥራ ላይ

ሸክም የሚያነሣ ሰው ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ በርከክ ብሎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ሊያነሣ ይገባል። ተሸክሞ ሲዞርም ወገቡን ከመጠምዘዝ ይልቅ በእግሩ ይዙር። 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኩንታል ለብቻ ከማንሣት ለሁለት መክፈል ወይም ለሁለት መያዝ ይሻላል። አጫጅ በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብሎ ቢንጠራራ፣ አጨዳውንም ነዶ ከማሰር ጋር ቢያፈራርቅ ወገቡ ፋታ ያገኛል። ተቀምጦ የሚሠራም በየግማሽ ሰዓቱ ይነሣ።

መድኃኒትና ወጌሻ

እንደ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ለአጭር ጊዜ ሊረዱ ይችላሉ። ሆኖም የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም እና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ባለሙያ ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም። ቀስ ያለ መታሸት ሊያሳርፍ ይችላል። አከርካሪን በኃይል መጫንና መጎተት ግን፣ በተለይ አጥንታቸው በሳሳ አረጋውያን ላይ፣ ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

የማይዘገዩባቸው ምልክቶች

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት፣ ሽንት አልወጣ ሲል፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ሲኖር ወይም እግር እየዛለ ሲሄድ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ነርቮች ተጨንቀው ሊሆን ስለሚችል መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያመጣል። ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የጀመረ ከባድ ሕመምም በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የተጨመሩበት ሕመም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከብት አርቢዎች ደግሞ ብሩሴሎሲስን ማሰብ ይገባቸዋል፤ ይህ በሽታ ካልፈላ ወተት ወይም የከብት ውርጃን በባዶ እጅ ከመንካት ይተላለፋል፤ ትኩሳትና የወገብ ሕመምም ያስከትላል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ በቤት ውስጥ እንክብካቤ ግን አይድኑም።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይኖር እንኳ ሕመሙ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልቀለለ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ተገቢ ነው።