ሕፃናትን በቡድሃ ሃይማኖት ስለ ማሳደግ፤ ከአቃቂ ቃሊቲ የቄስ ትምህርት ቤት ጋራ ሲነጻጸር

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የዮሐንስን መልእክት በግዕዝ ሲያነብ ሰማሁ። ንባቡን በፈጸመ ጊዜ የቃሉን ትርጓሜ ጠየቅሁት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ ዝም ብሎ ወደ መምህሩ ተመለከተ። የኔታም «ትርጓሜው ይደርሳል፤ አስቀድሞ አፉ ይልመድ» ሲሉ መለሱልኝ። ይህን መልስ በሩቅ ምሥራቅ የሚኖር አንድ የቡድሃ መነኩሴ ቢሰማው ኖሮ እንደ ራሱ ቃል አድርጎ በተቀበለው ነበር።

የሌላውን ሕዝብ ሃይማኖት ማጥናት የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ምን ያምናሉ?» የሚል ነው። ጥያቄው ለሊቃውንት ሲቀርብ መልካም ነው፤ ለሕፃናት ሲቀርብ ግን ያሳስታል። ልጅ እምነትን የሚቀበለው አስቀድሞ በእጁ፣ በጉልበቱና በአንደበቱ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ልጆቻቸውን ወደ እምነታቸው የሚያስገቡበትን ሥርዓት መግለጽ፣ ይህንንም በአገራችን ከሚታወቀው ሥርዓት ጋራ በማስተያየት ነገሩን ማስረዳት ነው።

የቡድሃ ታሪክ ለአገራችን ሊቃውንት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም፣ በትውልዳቸው የየመን ሰው የነበሩት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1553፣ «በራላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰዋል። የግዕዙን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋራ ዋሊስ በጅ በ1923 አሳትሞታል። በመጽሐፉ እንደሚነበበው፣ ንጉሡ ልጁ ይዋሴፍ ዓለምን እንዳይተው ፈርቶ በእልፍኝ ዘግቶ ያሳድገዋል፤ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትንም እንዳያውቅ ይከለክለዋል። ልጁ ግን ወጥቶ እነዚህን ያያል፤ በኋላም በነጋዴ አምሳል ከመጣው ከባሕታዊው ከበራላም የክርስትናን ትምህርት ይቀበላል። ይህ ታሪክ በመሠረቱ የጎታማ ሲዳርታ፣ ማለት የቡድሃ፣ ታሪክ ነው። ስሙም ራሱ ይህን ይመሰክራል። ብርሃነ አእምሮን ለማግኘት የሚተጋውን ሰው ሕንዶች «ቦዲሳትቫ» ይሉታል፤ ቃሉ ወደ ዓረብኛ በገባ ጊዜ አንድ ነጥብ ያለበት «ብ» ሁለት ነጥብ ካለበት «ይ» ጋራ በጽሕፈት ስለ ተሳሳተ፣ ቀስ በቀስ ይዋሴፍ ወደሚለው ስም ተለወጠ። እንግዲህ አባቶቻችን ስሙን ሳያውቁ የቡድሃን ሕይወት እንደ አንድ ክርስቲያን ቅዱስ ገድል ሲያነቡት ኖረዋል።

ሲዳርታ የተወለደው ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር በሉምቢኒ ነው። በትውፊቱ መሠረት በ29 ዓመቱ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ መነነ፤ በ35 ዓመቱ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር በራለት፤ በ80 ዓመቱም ዐረፈ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር አራት ነው፤ ኑሮ ከመከራ ጋራ የተቈራኘ መሆኑ፣ የመከራው ምክንያት ምኞት መሆኑ፣ ምኞት ሲጠፋ መከራውም የሚጠፋ መሆኑ፣ ወደዚህም የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ መኖሩ ነው። ይህ ትምህርት የሁሉ ፈጣሪ የሆነ አምላክን መሠረት አያደርግም፤ ከክርስትናም ከእስልምናም የሚለይበት ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር ለሕፃን ማስረዳት እንዴት ይቻላል? መልሱን የሚሰጠን የቡድሃ የገዛ ልጁ የራሁላ ታሪክ ነው። ራሁላ ገና በሰባት ዓመቱ ገደማ ወደ መነኮሳቱ ማኅበር ገባ ይባላል። አያቱ ንጉሥ ሱዶዳና አስቀድሞ ልጁን አጥቶ ነበርና አሁን ደግሞ የልጅ ልጁ ሲወሰድበት እጅግ አዘነ፤ ቀርቦም የወላጅ ፍቅር ቈዳን፣ ሥጋንና አጥንትን ዘልቆ እንደሚወጋ ለቡድሃ ነገረው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወላጆቹ ያልፈቀዱለትን ልጅ ወደ ማኅበሩ ማስገባት በሕግ ተከለከለ። ሕጉ ስለ ዕድሜም ይናገራል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይገባ ታዞ ነበር፤ በኋላ ግን ቤተ ሰቦቻቸው ያለቁባቸው ሁለት ልጆች ተጥለው እንዳይቀሩ ሲባል፣ ቁራ ማባረር ለሚችል ልጅ ተፈቀደ። በአገራችንም ገጠር ወንጭፍ ይዞ ሰብልን ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ከሕፃንነት ወጥቶ ለሥራ እንደ ደረሰ ይቈጠራል። ሁለቱም ሕዝቦች የልጅን ዕውቀት የሚመዝኑት በሚመልሰው ጥያቄ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቡድሃ ራሁላን ስለ ሐሰት ያስተማረው በእግር መታጠቢያ ዕቃ ነው። በዕቃው ውስጥ ጥቂት ውኃ አስቀርቶ፣ ዐውቆ ለመዋሸት የማያፍር ሰው ያለው በጎነት ይህን ያህል ጥቂት መሆኑን ነገረው፤ ከዚያም ውኃውን ደፋው፣ ዕቃውንም ገለበጠው። ቀጥሎም መስተዋት ለምን እንደሚያገለግል ጠየቀው፤ ሰው ፊቱን በመስተዋት እንደሚመለከት ሁሉ ሥራውንም ከመሥራቱ በፊት፣ በሚሠራበት ጊዜ፣ ከሠራም በኋላ መመልከት እንደሚገባው አስረዳው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ስለ አራቱ እውነቶች የተነሣ ነገር የለም፤ ያለው ዕቃ፣ ውኃና መስተዋት ነው።

ዛሬም በበርማ፣ በታይላንድና በስሪላንካ የልጁ ትምህርት የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጁ እናቱን አይቶ ከቡድሃ ምስል ፊት አበባ ያኖራል፤ መብራት ያበራል፤ ሦስት ጊዜ ይሰግዳል። አበባው ሲጠወልግ ሁሉ ኀላፊ መሆኑን ቀስ በቀስ ይማራል። ማለዳ መነኮሳት ጽዋቸውን ይዘው በዝምታ ሲያልፉ፣ በትንሽ እጁ ሩዝ እየጨለፈ ይሰጣቸዋል። በቡድሃ፣ በትምህርቱና በማኅበሩ መጠጊያ ማድረጉን ሦስት ጊዜ እየደገመ ይናገራል፤ እንዳይገድል፣ እንዳይሰርቅ፣ እንዳይሴስን፣ እንዳይዋሽ፣ እንዳይሰክር የሚያዙትንም አምስት ሕግጋት በቃሉ ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚለው ፓሊ በተባለው ጥንታዊ ቋንቋ ነው፤ ፓሊም ለእርሱ ግዕዝ ለአቃቂው ልጅ እንደሆነው ያለ ነው።

በበርማ ወንድ ልጅ ጥቂት ከፍ ሲል «ሺንብዩ» የተባለው ሥርዓት ይፈጸምለታል። ልጁ የንጉሥ ልጅ መስሎ በሐር ያጌጣል፤ በፈረስ ተቀምጦም በአጀብ ወደ ገዳም ይሄዳል። እዚያም ራሱን ሲላጭ እናትና አባቱ ጠጕሩን በነጭ ጨርቅ ይቀበላሉ፤ የሐሩንም ልብስ አውልቆ የመነኩሴ ልብስ ይለብሳል። ሲዳርታ ከቤተ መንግሥት የወጣበትን ታሪክ ልጁ በገዛ አካሉ ይደግመዋል ማለት ነው። ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ቈይቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በበርማ ቋንቋ ገዳምና ትምህርት ቤት በአንድ ቃል መጠራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ አቃቂ ቃሊቲ ብንመለስ፣ ተመሳሳይነቱን ለማየት አያስቸግርም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስን፣ ውዳሴ ማርያምንና ዳዊትን በየተራ ይዘልቃል፤ ትርጓሜን የሚያገኘው ወደ ላይኞቹ ጉባኤ ቤቶች ከገፋ በኋላ ነው። በዚያው ሰፈር የሚኖሩ የሙስሊም ልጆችም በቁርአን ቤት በሉሕ ላይ የተጻፈውን የዓረብኛ ቃል በዜማ ይደግማሉ። ልዩነቱንም ማቃለል አይገባም። የኦርቶዶክስ ልጅ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ተጠምቆ ሳያውቅ የቤተ ክርስቲያን አባል ይሆናል፤ የቡድሃ ሃይማኖት ግን እንዲህ ያለ ምሥጢር የለውም፤ ሰው የሚገባው በራሱ አንደበት መጠጊያን ሲጠራ ነው። እንደዚሁም የእኛ የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወላጆቹን ሳያስፈቅድ ጠፍቶ ይሄድና አኩፋዳ አንግቦ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ የበርማው ልጅ ግን ወላጆቹ ራሳቸው አጅበው ይሸኙታል፤ ምግባሩም ለእነርሱ ጽድቅ ይቈጠራል። ምንኵስናም በእኛ ዘንድ እስከ ሞት የሚጸና ነው፤ በዚያ ግን ልጅ ገብቶ ይወጣል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህ ልማድ አዲስ ነገር ገጠመው። በስሪላንካ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ልጆችን በጥያቄና መልስ ያስተምሩ ስለ ነበር፣ ሄንሪ ስቲል ኦልኮት የተባለ አሜሪካዊ በ1881 የቡድሃን ሃይማኖት በዚያው መልክ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በኋላም የእሑድ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። እኛም ዘንድ ሰንበት ትምህርት ቤቶች አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በግልጽ ቋንቋ ያስተምራሉ። ይህ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ልጁ ለሚጠይቀው ሰው መልስ ይኖረዋልና። ነገር ግን መልሱ ብቻ ቀርቶ ልማዱ ከጠፋ፣ ልጁ ስለ ሃይማኖቱ መናገርን እንጂ ሃይማኖቱን አይወርስም።

ይህ ነገር ለአቃቂ ቃሊቲ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፋብሪካዎች በበዙበት በዚህ አካባቢ ዛሬ ብዙ ልጆች ፊደልን የሚለዩት በመዋዕለ ሕፃናት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዝዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ሃይማኖትን የማውረሱ ሥራ ለቤትና ለደብር፣ ለመስጊድም ተትቷል። ስለ ሌሎች ሕዝቦች ሃይማኖት የማስተማሩ ሥራ ግን ባለቤት የለውም። መምህር ማንንም ወደ እምነቱ ሳይስብ፣ የይዋሴፍን ታሪክ ከራሁላ መስተዋት ጋራ አስተባብሮ ለልጆች ቢነግር፣ ሩቅ የሚመስለው ሕዝብ ለልጆቹ የሚሳሳ፣ እንደ እኛም ቃልን ከትርጓሜው በፊት የሚያስለምድ መሆኑን ያስረዳቸዋል።

ለተመራማሪውም የሚተርፈው ምክር ይኸው ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ልጅ ትርጓሜ መጠየቄ የእኔ ስሕተት ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ማን እንዳስተማረው፣ ከንባቡ በፊት ምን እንደሚያደርግ፣ ሲፈጽምስ ለማን እንደሚሰግድ ነበር። እነዚህን ቢጠየቅ ኖሮ መልስ አያጣም ነበር።