ሶፍ ዑመር ላይ የሚዘገየው ሰዓት

ከባሌ ሮቤ ተነስተው ጎሮን አልፈው ወደ ምሥራቅ ቆላውን ሲወርዱ ሶፍ ዑመርን ያገኛሉ። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ሠርቶበታል፤ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራና ምእመናን የሚዘይሩት ስፍራ ነው። ከሳነቴ አምባ ላይ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፤ ዋሻውን በ3,000 ሜትር ገደማ ይበልጠዋል። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 እንዳስረዳው፣ ስበት በበረታበት ቦታ ጊዜ ይዘገያል። ሒሳቡ ሲሠራ የተራራው ሰዓት የዋሻውን በዓመት ወደ 10 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድመዋል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኢምንት ቢሆንም እውነት ነው፦ ዋሻው ውስጥ ከርሞ ተራራው ላይ የወጣ ሰው ወደ መጪው ዘመን ተሻግሯል።

ይህን ጉዞ መጻሕፍታችን ከጥንት ያውቁታል። በቁርኣን ሱረቱል ካህፍ የተነገረላቸው ወጣቶች ዋሻ ውስጥ 309 ዓመት ተኝተው ሲነሱ፣ አንዳቸው የብር ገንዘብ ይዞ ምግብ ሊገዛ ከተማ ይላካል። በተረፈ ባሮክ ደግሞ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፣ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ በለስ ለማምጣት ይላካል፤ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል፤ የሚያውቃት ከተማ ግን ጠፍታበታለች። ግራ መጋባትና ሐዘን አለ፤ ተቃርኖ ግን የለም። ምክንያት ሁሉ ከውጤቱ ቀድሟልና።

ጣጣው የሚመጣው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። አቤሜሌክ ያየውን ይዞ ተመልሶ ከተማዪቱን ቢያድናትስ? ከዳነች የሚላክበት ምክንያት አይኖርም፤ ካልተላከ አይተኛም፤ ካልተኛ መጪውን አያይም፤ ካላየ ማን ያድናታል? በሳይንስ ልብ ወለድ ይህ «የአያት ተቃርኖ» ይባላል፤ ተጓዡ አባቱ ሳይወለድ አያቱን ቢገድል እሱ ራሱ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ጣጣ እኔን ይበልጥ ያስጨንቀኛል። አንድ ደቀ መዝሙር ከየኔታ የሰማውን ቅኔ ይዞ ወደ ልጅነታቸው ዘመን ይሂድና ይንገራቸው፤ እሳቸውም አድገው ያንኑ ለእሱ ይቀኙለት። ቅኔውን የዘረፈው ማን ነው? የሚጣላ ነገር የለም፣ ሁሉም ይገጥማል፤ ግን ያን ቅኔ ያሰበ አእምሮ የለም። ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ባለቤት አልባ እውቀት አለ። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ «ግራውንድሆግ ዴይ» ፊልም ያስለመደን የጊዜ አዙሪት ይቀላል፤ ቀኑ ይደገማል፣ የሰውዬው ትዝታ ብቻ ወደ ፊት ይሄዳል።

ሊቃውንቱም ነገሩን ለደራሲያን አልተዉትም። ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 የአይንስታይን ቀመር ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ እንደሚፈቅድ አሳየ። ስቲቨን ሃውኪንግ እ.ኤ.አ. በ1992 ተፈጥሮ ራሷ መንገዱን ትዘጋዋለች ሲል ገመተ። ሩሲያዊው ኢጎር ኖቪኮቭ ግን ተጓዡ ቢመለስም የሚያደርገው ሁሉ ቀድሞ የሆነው ነው ይላል፤ ይናገራል፣ ይሮጣል፣ የሚለወጥ ግን የለም።

ለድርሰት የሚመቸው የኖቪኮቭ ሐሳብ ይመስለኛል። አቤሜሌክ ተመልሶ የሚመጣውን ቢናገር ከተማው ይሰማው ነበር? ነቢዩ ኤርምያስ ያንኑ ጥፋት አስቀድሞ ቢናገር ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ጣሉት፤ በገመድ ጎትቶ ያወጣውም ይኸው አቤሜሌክ ነበር።