ጥቅል፣ ተፈላጊ፣ ቅድመ ምላሽ፦ ሰው በሌለበት ለሚከናወን የሶፍትዌር መረጣ የሚሆኑ ቃላት

1. የጉዳዩ መነሻ

ኮምፒውተር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥርዓተ ክወና ይተከልበታል። ተከላው በተለመደው መንገድ ሲከናወን ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ ሰውም ይመልሳል። በየትኛው ቋንቋ ልሥራ? ሰዓቴን በየትኛው አገር ላስተካክል? ዲስኩን እንዴት ልክፈል? ከሶፍትዌሮቹስ የትኞቹን ልጫን? ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ ሲሆን ይህ ጥያቄና መልስ አያደክምም። በአንድ የማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ኮምፒውተሮች ሲኖሩ ግን ባለሙያው አንዱን መልስ ሠላሳ ጊዜ መድገም ይኖርበታል። ሲደጋግም ይሰለቻል፤ ሲሰለች ይሳሳታል፤ በዐሥራ ሰባተኛው ኮምፒውተር ላይ የዘነጋው ሶፍትዌር መጥፋቱ የሚታወቀው ደግሞ ተማሪው ለፈተና የተቀመጠ ዕለት ነው። ስለዚህ መልሶቹ ሁሉ አስቀድመው በአንድ ፋይል እንዲጻፉና መጫኛው ፋይሉን እያነበበ ተከላውን ያለ ሰው እንዲጨርስ የሚያደርግ ዘዴ ተፈጠረ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዘዴ ማስረዳትና ለዋና ዋናዎቹ ጽንሰ ሐሳቦች የአማርኛ ቃላት ማቅረብ ነው። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ሲሆን፣ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው፣ እኛም ድርሻ የነበረን አንድ የትርጉም ስሕተት ያስከተለውን ጉዳት ያየነው በዚያ አካባቢ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ዘር፣ ስለ ተከላና ስለ ፓኬጅ የፎገራ ገበሬ የሚናገርባቸው ቃላት ለያዝነው ጉዳይ ብርሃን የሚሰጡ መሆናቸው ነው።

2. «ጥገኛ» የሚለው ቃል ያስከተለው ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሊኑክስ አሠራር መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ረቂቁን እንድንመለከት ተጠይቀን ነበር። አንድ ሶፍትዌር እንዲሠራ አብረውት ሊኖሩ የሚገባቸው ሌሎች ሶፍትዌሮች በእንግሊዝኛ «ዲፔንደንሲ» ይባላሉ። ተርጓሚው ይህን «ጥገኛ» ብሎት ነበር፤ እኛም ቃሉ ከመዝገበ ቃላዊ ፍቺው ጋር የሚስማማ መስሎን አሳለፍነው።

መመሪያው በወረታ አንድ የማሠልጠኛ ክፍል ደረሰ። የክፍሉን ኮምፒውተሮች የሚያሰናዳው ወጣት ባለሙያ የሶፍትዌሮቹን ዝርዝር በፋይል ሲጽፍ «የዚህ ጥቅል ጥገኞች» ከሚል ርእስ ሥር ብዙ ስሞች ተደርድረው አገኘ። ዲስኩ ጠባብ ስለ ነበረም ስሞቹን «አይጫኑ» በሚለው ክፍል መዘገባቸው። ማታ የተጀመረው ተከላ ጠዋት ሲታይ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ በስሕተት ማስታወቂያ ቆሞ ተገኘ። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «እንዴ ዶክተር! ጥገኛ ይነቀላል እንጂ ይተከላል?» ሲል መለሰልን።

ወጣቱ አላጠፋም። በገበሬ ልጅ ጆሮ ጥገኛ ማለት እንደ አቀንጭራ በሌላው ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጥ አረም ነው፤ በጤና ባለሙያ አነጋገር ጥገኛ ትል አለ፤ በዜና ቋንቋ ደግሞ ጥገኝነት የሚጠይቅ ስደተኛ አለ። በሦስቱም ጥገኛው የሚያስጠጋውን ይፈልጋል፤ አስጠጊው ግን ያለ እርሱ መኖር ይችላል። በሶፍትዌሩ ጉዳይ ግንኙነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ በዝርዝሩ የተጻፉት ፈላጊዎች ሳይሆኑ ተፈላጊዎች ናቸው። ቃሉ ማን ማንን እንደሚሻ አዛብቶ ስላመለከተ አንባቢው ቃሉ ወደ መራው ሄደ።

ሰው ከማያው ፊት ተቀምጦ በሚያከናውነው ተከላ እንዲህ ያለ ስሕተት ወዲያው ይታረማል፤ መጫኛው ይጠይቃል፤ ሰውየውም ሐሳቡን ይለውጣል። ሰው በሌለበት ተከላ ግን ውሳኔው አስቀድሞ ስለ ተጻፈ ቃሉን የሚያቃና ማንም የለም። የዚህ መስክ ስያሜ ከሌሎች መስኮች ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ስለዚህ ነው።

3. ፓኬጅ ወይስ ጥቅል?

በሊኑክስ ዓለም ሶፍትዌር የሚታደለው «ፓኬጅ» በሚባል መልክ ነው። አንድ ፓኬጅ ፕሮግራሙን፣ ፕሮግራሙ የሚሠራባቸውን ፋይሎች፣ የራሱን ስምና የዕትም ቁጥር እንዲሁም ከሌሎች ፓኬጆች ጋር ያለውን ዝምድና የሚገልጽ መረጃ በአንድ ላይ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የሚባለው ሥርዓተ ክወና በዚህ ረገድ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

«ፓኬጅ» ወደ አማርኛ የገባው ግን በኮምፒውተር በኩል አይደለም፤ የገባው በእርሻ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው የ«ሚኒመም ፓኬጅ» ፕሮግራም ቃሉን ከግብርና ባለሙያዎች ጋር አስተዋወቀው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በመላ አገሪቱ የተዘረጋው የግብርና ኤክስቴንሽን ደግሞ ወደ ገበሬው ደጅ አደረሰው። በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን በዐሥራ ስድስት ፓኬጆች ሲደራጅ ቃሉ ከማጀት ገባ። ዛሬ «ፓኬጅ» ሲባል ገበሬው የሚረዳው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የሙያ ምክር አንድ ላይ የተሰናዱበትን ነገር ነው። ዘሩ ያለ ማዳበሪያው፣ ማዳበሪያውም ያለ ምክሩ የታሰበውን ውጤት እንደማያስገኝ ያውቃል። ስለዚህ የሶፍትዌር ፓኬጅ ተፈላጊዎቹን ይዞ ይመጣል ቢባል ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ሆኖም ለሶፍትዌሩ «ጥቅል» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። በርግጥ ጥቅል ጎመን አለ፤ «በጥቅሉ ሲታይ» የሚል አነጋገርም አለ። ነገር ግን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በዕለት፣ በሳምንትና በወር ጥቅል መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ቃሉ አዲሱን ፍቺ ያለ ችግር ተሸክሟል። በዚህ ምርጫ መሠረት «ፓኬጅ» ለእርሻውና ለጤናው፣ «ጥቅል» ለሶፍትዌሩ ይሆናሉ፤ አንባቢም በሁለቱ መካከል አይደናገርም። ለአንድ ሥራ የሚያስፈልጉ ብዙ ጥቅሎች በአንድ ስም ሲጠሩም «ስብስብ» እንላቸዋለን፤ የቢሮ ስብስብ፣ የአገልጋይ ስብስብ እንደ ማለት ነው።

4. የጥቅሎች ዝምድና

በዴቢያን ሥርዓት አንድ ጥቅል ከሌሎች ጋር ያለው ዝምድና በየደረጃው ተለይቶ ይጻፋል። ሳይኖር ጥቅሉ ከቶ የማይሠራውን ሌላ ጥቅል «ተፈላጊ» እንለዋለን። ይህን ቃል በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ሐረግ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሥራው ይፈልጋል፤ ችሎታው ይፈለጋል፤ የግንኙነቱ አቅጣጫ ግልጽ ነው። ባይኖርም ጥቅሉ የሚሠራ፣ ቢኖር ግን ብዙ ተጠቃሚ የሚሻው «የሚመከር» ይባላል። ለጥቂቶች ብቻ የሚጠቅመው «የሚጠቆም» ይባላል። አብሮት መኖር የማይችለው «ተጻራሪ»፣ በሌላው ፈንታ ሆኖ ያንኑ አገልግሎት የሚሰጠው ደግሞ «ምትክ» ይሆናል።

«የሚመከር»ና «የሚጠቆም» የሚሉትን ተርጓሚ እንደ ተመሳሳይ ቃላት ሊቆጥራቸው አይገባም። «አፕት» የሚባለው የዴቢያን ጥቅል አቀናባሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው አምስተኛው ዕትም ጀምሮ፣ ተጠቃሚው ካልከለከለው በቀር፣ የሚመከሩትን ሳይጠይቅ ይጭናል፤ የሚጠቆሙትን ግን አይጭንም። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት የሚጫነውንና የማይጫነውን መቀላቀል ይሆናል።

ሌላም ልዩነት አለ። አቀናባሪው ሰው ስሙን ጠቅሶ ያስመጣውን ጥቅልና በሌላው ተፈላጊነት የመጣውን ጥቅል ለይቶ ይመዘግባል፤ ፈላጊ ያጡትን እንዲያጸዳ ሲታዘዝ የሚያነሣው ሁለተኛውን ዓይነት ብቻ ነው። አንዳንድ ጽሑፎች ሁለተኛውን «በራስ የተጫነ» ይሉታል፤ ነገር ግን ይህ አባባል ተጠቃሚው ራሱ የጫነው የሚል ተቃራኒ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። በእኛ አስተያየት «ተመርጦ የገባ»ና «ተከትሎ የገባ» ማለት ይሻላል። ሚዜ ከሙሽራ ተከትሎ ይገባል፤ ሙሽራው ሲሄድም አብሮ ይሄዳል።

5. ተከላ፣ ጭነትና ቅድመ ምላሽ

«ጫነ» ዛሬ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። አህያ ይጫናል፤ ፕሮግራም ይጫናል፤ የተቀናበረ ፋይል ወደ ማስታወሻ ክፍል ይጫናል፤ የማያውንም ቁልፍ «ተጫን» እንላለን። «ተከለ» በበኩሉ ምሰሶ መትከልን፣ ድንኳን መትከልን፣ በኢንዱስትሪም ማሽን መትከልን ይገልጻል። ሥርዓተ ክወናን ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ላይ ማቆም የሁሉ መሠረት ስለ ሆነ «ተከላ»፣ በቆመው ሥርዓት ላይ አንድ ጥቅል መጨመር ደግሞ «ጭነት» ቢባል ሁለቱ ተግባራት ይለያሉ። ለፎገራ ሰው «ተከላ» በመደብ ያደገ የሩዝ ችግኝ ነቅሎ በማሳው ላይ ማስቀመጥ ነው። አብዛኛው ገበሬ ሩዝን በብተና ሲዘራ ቢኖርም ይህንኛውንም አሠራር ያውቀዋል፤ ስለዚህ ቃሉ የታሰበበትና የተሰናዳ ሥራን ስሜት ይዟል።

አሁን ወደ መልስ ፋይሉ እንመለስ። በዴቢያን ፋይሉ «ፕሪሲድ» ይባላል፤ ቀጥተኛ ፍቺው አስቀድሞ መዝራት እንደ ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር አራት ክፍሎች አሉት፦ የጥያቄው ባለቤት የሆነው ፕሮግራም፣ የጥያቄው ስም፣ የመልሱ ዓይነትና መልሱ ራሱ። መጫኛው ወደ አንድ ጥያቄ ሲደርስ መልሱን በፋይሉ ውስጥ ካገኘ ጥያቄውን ለሰው ሳያቀርብ ያልፋል። የሚጫኑት ስብስቦችና ተጨማሪ ጥቅሎች የሚመረጡትም በዚሁ መንገድ ነው። በሬድ ሃት ቤተሰብ «ኪክስታርት» የሚባለው ፋይል የጥቅሎቹን ዝርዝር ለብቻው በአንድ ክፍል ይይዛል፤ የማይፈለገውም ጥቅል ስሙ በሰረዝ ተቀድሞ ይጻፋል። የዚህ ሥርዓት መጫኛ አንድ ተከላ ሲጨርስ የተሰጡትን መልሶች በፋይል መዝግቦ ስለሚተው፣ ባለሙያው አንዱን ኮምፒውተር በእጁ ካሰናዳ በኋላ መዝገቡን አርሞ ለቀሩት ሊጠቀምበት ይችላል። ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ለአገልጋይ ኮምፒውተሮች የራሱ የሆነ ተመሳሳይ ዘዴ አለው።

«ፕሪሲድ»ን «ቅድመ ዘር» ለማለት የሚከጅል ተርጓሚ አይታጣም፤ እኛም አስበነው ነበር። ነገር ግን በአማርኛ «ዘር» የሚዘራው እህል ብቻ አይደለም፤ ትውልድና ነገድም ነው። «የቅድመ ዘር ፋይል» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ የትውልድ ሐረግ መዝገብ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ ለስያሜው «ቅድመ ምላሽ»ን እናቀርባለን፤ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት የተሰጠ ምላሽ ማለት ነው። የዘሩ ምሳሌ ግን ለማስረዳት ይጠቅማል፤ ገበሬው ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ምን እንደሚዘራ ይወስናል፤ ዘሩ ከአፈር ከገባ በኋላ ምርጫ የለም። ለማስረዳት የሚመች ምሳሌ ሁሉ ለስያሜ አይመችም።

6. አንድ መልስ ለሁሉ አይሆንም

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተንጣለለ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ምድር ነው። ውሃ በሚተኛበት ማሳ ለብዙ ዘመን የተዘራው «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ ውሃ ለማይተኛበት ከፍተኛ ማሳ ደግሞ ከአፍሪቃና ከእስያ ሩዞች የተዳቀለው «ኔሪካ-4» ቀርቧል። በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚመራመረውም የትኛው ዝርያ ለየትኛው ማሳ እንደሚስማማ ለማወቅ ነው። አንዱን ዘር ለሜዳው ሁሉ ማደል ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ ማሳው ነው።

ቅድመ ምላሽም እንዲሁ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ ፋይል ሳይመረመር ቢሠራበት፣ በውስጡ «ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ» የሚለው መልስም አብሮ ይተከላል። የዴቢያን መጫኛ በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ፊደላችን የሚታየው ግን በግራፊካዊው መጫኛ ብቻ ነው። ተከላው በአማርኛ ከተጀመረ የአማርኛው ስብስብ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይካተታል። በፋይሉ ሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ግን አይካተትም፤ ያን ጊዜ የክፍሉ ተማሪ በገዛ ፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ሊያይ ይችላል፤ ለምን እንደ ሆነም የሚነግረው አይኖርም። ውሳኔው ከእርሱ አስቀድሞ፣ እርሱ በሌለበት ተሰጥቷል።

7. የቀረቡት ቃላት

ተከላ፦ ሥርዓተ ክወናን በኮምፒውተር ላይ ማቆም።
ጭነት፦ በቆመ ሥርዓት ላይ ጥቅል መጨመር።
ጥቅል፦ ሶፍትዌር ከነመግለጫው የሚታደልበት አንድ አሐድ።
ስብስብ፦ ለአንድ ሥራ በአንድ ስም የሚጠሩ ጥቅሎች።
ተፈላጊ፦ ያለ እርሱ ሌላው ጥቅል የማይሠራ።
የሚመከር፤ የሚጠቆም፦ የመጀመሪያው ካልተከለከለ የሚጫን፣ ሁለተኛው ካልታዘዘ የማይጫን።
ተጻራሪ፤ ምትክ፦ የመጀመሪያው አብሮ የማይኖር፣ ሁለተኛው በሌላው ፈንታ የሚያገለግል።
ተመርጦ የገባ፤ ተከትሎ የገባ፦ የመጀመሪያው በሰው ትእዛዝ፣ ሁለተኛው በሌላ ጥቅል ፍላጎት የተጫነ።
ቅድመ ምላሽ፦ ለመጫኛው ጥያቄዎች አስቀድሞ በፋይል የተጻፈ መልስ።

እነዚህ ቃላት ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተደመደሙ አይደሉም። ተርጓሚዎች በሥራ ፈትነዋቸው የሚጎረብጠውን ቢያመለክቱን እናርማለን። «ጥገኛ»ን በተመለከተ ግን ለዚህ አገልግሎት ዳግም እንዳይውል አጥብቀን እናሳስባለን። ያን ረቂቅ ስናሳልፍ ቃሉን የመረመርነው በመዝገበ ቃላት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድን የሙያ ቃል ከማጽደቃችን በፊት በቃሉ ለሚሠራበት ሰው አንብበን ምን እንደ ተረዳ እንጠይቃለን።